መኪናው አንድ፣ ስሌቱ ሁለት፦ ከቁርጡባ ሆኖ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ያዋጣልን?

ቁርጡባ፣ ኩዌት – በኩዌት ከተማ በአራተኛውና በአምስተኛው የቀለበት መንገድ መካከል የምትገኘው ቁርጡባ ስሟን ከአንደሉስ ጥንታዊት ከተማ የወሰደች፣ በአብዛኛው የኩዌት ቤተሰቦች የሚኖሩባቸው ቪላዎች የተደረደሩባት ሰፈር ናት። በእነዚህ ቪላዎች ውስጥ በቤት ሠራተኝነት፣ በሞግዚትነት፣ በምግብ አብሳይነትና በሾፌርነት ከሚያገለግሉት የውጭ አገር ዜጎች መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ለብዙዎቹ የስደት ዓመታት ፍሬ የሚለካው አገር ቤት በሚቆመው ጥሪት ነው፦ ለወላጆች በሚሠራ ቤት፣ ለታናናሾች በሚከፈል የትምህርት ወጪ፣ ለቤተሰቡም ገቢ ያመጣል ተብሎ በሚገዛ መኪና።

ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ለረጅም ጊዜ አንድ የታወቀ መንገድ ነበረው። ያገለገለ የቤንዚን መኪና ከዱባይ ገበያ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል ኢትዮጵያ ይገባ ነበር። መንገዱ የተዘጋው የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም፣ ማለትም እ.ኤ.አ በ2024 መጀመሪያ፣ ኤሌክትሪክ ካልሆኑ በስተቀር የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ ባደረገ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ በገልፍ አገራት የሚኖር ኢትዮጵያዊ «የትኛውን መኪና ልግዛ?» ሲል የሚጠይቀው ጥያቄ በአመዛኙ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚነሣ ጥያቄ ሆኗል።

ለጥያቄው ግን አንድ መልስ የለውም። በአንድ ፋብሪካ የተሠራ፣ አንድ ዓይነት ባትሪ የተገጠመለት መኪና በኩዌት ጎዳና ላይ ኪሳራ፣ በአዲስ አበባ ትርፍ፣ መብራት በማይዘልቅባት የገጠር ከተማ ደግሞ ሸክም ሊሆን ይችላል። ስሌቱን የሚለውጠው የመኪናው ዓይነት ብቻ ሳይሆን የሚነዳበት አገር፣ ኃይል የሚሞላበት ቆጣሪና መሪውን የሚይዘው ሰው ጭምር ነው።

የኩዌት ስሌት

በኩዌት ቤንዚን እጅግ ርካሽ ነው። ተራው ቤንዚን በሊትር 85 ፊልስ፣ ከፍ ያለው ደግሞ 105 ፊልስ ሲሸጥ ቆይቷል። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚፈጅ መኪና በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 1,200 ሊትር ይጠቀማል፤ ይህም በተራው ቤንዚን ዋጋ 102 ዲናር ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና በበኩሉ፣ ኃይል ሲሞላ የሚባክነው ጭምር ታስቦ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል ቢባል ለዚያው ርቀት 3,000 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገዋል። በኩዌት ለግል መኖሪያ ቤቶች የሚከፈለው የመብራት ታሪፍ በኪሎዋት ሰዓት 2 ፊልስ በመሆኑ የዓመቱ ወጪ 6 ዲናር ብቻ ይሆናል። በአፓርታማና በንግድ ሕንፃዎች ታሪፉ ከዚህ ከፍ ይላል።

በመቶኛ ሲታይ ልዩነቱ ግዙፍ ነው፤ በገንዘብ ሲታይ ግን በዓመት 96 ዲናር ብቻ ነው። የኤሌክትሪኩ መኪና ከአቻው የቤንዚን መኪና በ1,500 ዲናር ቢበልጥ፣ ይህን ልዩነት በነዳጅ ቁጠባ ብቻ ለማካካስ ከ15 ዓመት በላይ ይጠይቃል። የቤንዚን መኪና የዘይት፣ የማጣሪያና የመሳሰለው ጥገና ወጪ ሲታከልበት ጊዜው ያጥራል፤ ቢሆንም ቤንዚን በረከሰበት አገር የኤሌክትሪክ መኪና በቁጠባ ብቻ ራሱን የሚከፍልበት ዕድል ጠባብ ነው።

ሙቀቱም ሌላው ጉዳይ ነው። በኩዌት በረሃ ሚትሪባህ በተባለ ሥፍራ እ.ኤ.አ ሐምሌ 21 ቀን 2016 የተመዘገበው 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በዓለም የሜትዮሮሎጂ ድርጅት ተረጋግጦ በምድራችን ከተለኩት ከፍተኛ ሙቀቶች አንዱ ሆኗል። የሊቲየም ባትሪ በከፍተኛ ሙቀት ሲቆይ አቅሙ ቶሎ ይቀንሳል። በተለይ ባትሪው እስከ ጫፍ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ ሲቆም ጉዳቱ ይበረታል። የመኪናው አየር ማቀዝቀዣም ከዚያው ባትሪ ይመገባል። የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ በ2019 ባወጣው የሙከራ ውጤት በ35 ዲግሪ ሙቀት ማቀዝቀዣ ሲከፈት መኪኖቹ በአንድ ሙሌት የሚጓዙት ርቀት በአማካይ 17 በመቶ ቀንሷል። የኩዌት በጋ ከዚህ እጅግ የከበደ ነው።

የመብራቱ ነገርም ከሐሳብ የሚወጣ አይደለም። እ.ኤ.አ በሰኔ 2024 የኃይል ፍላጎት ከአቅርቦት በላይ በመሆኑ በአንዳንድ የኩዌት ሰፈሮች በቀኑ ከባድ ሙቀት ሰዓት በፈረቃ መብራት እንዲቋረጥ ተደርጎ እንደነበር ይታወሳል። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ በአመዛኙ የሚመነጨው ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ ስለሆነ፣ መኪናው ራሱ ጭስ ባይኖረውም ጭሱ ከኃይል ማመንጫው ይወጣል። በመሆኑም በኩዌት የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ፀጥታውን፣ ፍጥነቱንና ምቾቱን ወዶ ሊገዛው ይችላል፤ በገንዘብ አተርፋለሁ ብሎ ከሆነ ግን ደግሞ ማስላት ይኖርበታል።

የአዲስ አበባ ስሌት

ይኸው መኪና ቀይ ባሕርን ሲሻገር ሒሳቡ ይገለበጣል። በኢትዮጵያ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ በመምጣቱ የቤንዚን ዋጋ እ.ኤ.አ በጥር 2025 በሊትር ከ100 ብር አልፏል። ለስሌቱ 100 ብርን ብቻ ብንወስድ፣ ያው በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ የቤንዚን መኪና 120,000 ብር ይፈጃል። ለኤሌክትሪኩ ደግሞ ሆን ተብሎ ከፍ ተደርጎ አንድ ኪሎዋት ሰዓት በ10 ብር ቢታሰብ እንኳ የዓመቱ ወጪ 30,000 ብር ነው። ቁጠባው 90,000 ብር ይደርሳል ማለት ነው።

የአገሪቱ አቀማመጥም ለኤሌክትሪክ መኪና ይመቻል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተራ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይስብ በዳገት ላይ ጉልበቱ አይቀንስም። በቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍጥነት ሲቀንስ ከሚባክነው ጉልበት የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። የአየሩ መለዘብም ለባትሪው ዕድሜ ጥሩ ነው።

የመንግሥት ውሳኔ መነሻም ከዚሁ ይያያዛል። ኢትዮጵያ ነዳጅ የምታስገባው በብርቱ በሚፈለግ የውጭ ምንዛሪ ሲሆን፣ ኤሌክትሪኳን ግን ከ90 በመቶ በላይ የምታገኘው ከራሷ ወንዞች ነው። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። ከክልከላው አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ በ2022፣ የገንዘብ ሚኒስቴር ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው የሚገቡ የኤሌክትሪክ መኪኖች 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍሉና ከኤክሳይስ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ እንዲሆኑ ወስኖ ነበር። ይሁንና የግብር ሕግ ስለሚለዋወጥ ገዢው ውል ከመፈረሙ በፊት በዕለቱ የሚሠራበትን ታሪፍ ማረጋገጥ አለበት።

ትርፉን የሚበሉ ጉድለቶች

በአዲስ አበባ የተገኘው መልካም ስሌት ያለ ቅድመ ሁኔታ አይሠራም። የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ ኃይል መሙያ ቦታ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 2.2 ኪሎዋት በሚሰጥ ተራ የቤት ሶኬት ከባዶ እስኪሞላ ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል፤ 7 ኪሎዋት በሚሰጥ የቤት ቻርጀር ደግሞ ወደ 9 ሰዓት ገደማ። የራሱ ግቢና ቆጣሪ ያለው ቤተሰብ ማታ ሰክቶ ጠዋት ይነሣል። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ቤተሰብ ግን ሽቦ የሚዘረጋበት ቦታ የለውም፤ በየጊዜው ወደ ሕዝብ ኃይል መሙያ ጣቢያ መሄድ፣ ወረፋ መጠበቅና ከቤት ታሪፍ በላይ መክፈል ይኖርበታል። ኢትዮ ቴሌኮም እ.ኤ.አ ከ2025 ጀምሮ በአዲስ አበባ ፈጣን ኃይል መሙያ ጣቢያዎችን መክፈቱ በጎ ጅምር ነው፤ ከመኪኖቹ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ግን ገና ብዙ ይቀራል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ሳይሞላ ያደረ መኪና ለነገው ሥራ ሳይደርስ ይቀራል።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ወሎ ለቤተሰቡ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው በቅድሚያ መንገዱን ያስላ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያም በኮምቦልቻ በኩል እንደገና ወደ ደሴ ይወጣል። በሻጩ ወረቀት ላይ «500 ኪሎ ሜትር ይጓዛል» የተባለ መኪና በቻይና የመለኪያ ሥርዓት የተለካ ከሆነ ቁጥሩ ከአውሮፓው መለኪያ ከፍ ያለ ነው። በተግባር በዳገት፣ በሙሉ ጭነትና በማቀዝቀዣ ሲነዳ ከዚያ ብዙ ሊያንስ ይችላል። በከተማ ውስጥ የማያሳስበው ጉዳይ ከከተማ ሲወጣ ዋነኛ ጭንቀት ይሆናል። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ገና መብራት እንዳላገኘ ሲታሰብ፣ መኪናው ለገጠር ወረዳ ታስቦ ከሆነ ግዢው ቢዘገይ ይሻላል።

ሦስተኛው የመሰኪያና የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። በገልፍ አገራት የሚሸጡ መኪኖች ብዙውን ጊዜ የአውሮፓን የኃይል መሙያ መሰኪያ ይጠቀማሉ። ኢትዮጵያ የገቡት ደግሞ በአመዛኙ ለቻይና ገበያ የተሠሩና የቻይና መሰኪያ ያላቸው ናቸው። ከኩዌት ወይም ከዱባይ ተገዝቶ የተላከ መኪና በአዲስ አበባ ጣቢያ መሰኪያው አልገባ ቢል ባለቤቱ አስማሚ ፍለጋ ይንከራተታል። ለቻይና ገበያ የተሠራው በበኩሉ ስክሪኑ በቻይንኛ ብቻ ሊሆን፣ የአምራቹም ዋስትና ከዚያ አገር ውጭ ላይሠራ ይችላል። አንድ ሴንሰር ሲበላሽ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ሳምንታት የሚቆም መኪና ገቢ አያስገባም።

አራተኛውና ትልቁ ባትሪው ነው። ብሉምበርግ ኒው ኢነርጂ ፋይናንስ ባወጣው ጥናት የባትሪ ዓለም አቀፍ አማካይ ዋጋ እ.ኤ.አ በ2024 በኪሎዋት ሰዓት 115 ዶላር ነበር። በዚህ ሒሳብ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 6,900 ዶላር ያወጣል፤ ማጓጓዣ፣ ቀረጥና የባለሙያ ዋጋ ሳይታሰብ። ይህ ለአምራቾች የሚሸጥበት ዋጋ በመሆኑ ለአንድ ገዢ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ይህ የዶላር ወጪ በብር ሲመነዘር እጅግ ከብዷል።

የእነዚህን ቁጥሮች ክብደት የሚያሳየው ከደመወዝ ጋር ሲነጻጸሩ ነው። በኩዌት እ.ኤ.አ በ2016 ለቤት ሠራተኞች የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 60 ዲናር፣ ማለትም 195 ዶላር ገደማ ነው። ይህን የምታገኝ አንዲት እህት 20,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና ለመግዛት አንድም ፊልስ ሳታወጣ ከስምንት ዓመት ተኩል በላይ መሥራት አለባት። ባትሪው ብቻ የ35 ወር ደመወዟ ነው። በእንዲህ ያለ ገንዘብ የሚገዛ መኪና በወሬና በማስታወቂያ ሊወሰን አይገባም።

አማና፣ ውልና ብድር

መኪናውን የሚገዛው በቁርጡባ፣ የሚነዳው በአዲስ አበባ ሲሆን ከሞተሩ በፊት ሊፈተሽ የሚገባው ውሉ ነው። ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ ለወንድም ወይም ለአጎት ልጅ ይላካል፤ መኪናው በእርሱ ስም ይገዛል፤ የገቢው ነገር በቃል ብቻ ይቀራል። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል በቀራ ስለ ዕዳ ሰፊ ድንጋጌ አስቀምጦ ውል በጽሑፍ እንዲሰፍርና ምስክር እንዲቆም ማዘዙ ይታወቃል። ይህ በዘመዳሞች መካከል ጥርጣሬን ለማስገባት የተደነገገ አይደለም፤ ዝምድናውን ከክርክር ለመጠበቅ ነው። በመሆኑም ሊብሬው በገንዘቡ ባለቤት ስም እንዲወጣ፣ ለተረካቢው የሚሰጠው ውክልና መኪናውን የማስተዳደር እንጂ የመሸጥ ሥልጣን እንዳይኖረው፣ የገቢው አከፋፈልም በጽሑፍ እንዲሰፍር ማድረግ ይገባል።

የገቢው ዓይነትም ራሱን የቻለ ፍርድ አለው። መኪናው ለሾፌር በቀን በተወሰነ ክፍያ የሚሰጥ ከሆነ ውሉ ኪራይ፣ ማለትም ኢጃራ ነው። በዚህ ጊዜ ሾፌሩ በቸልተኝነት ካላጠፋ በስተቀር የንብረቱ እርጅና በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ሽርክና ከሆነ ደግሞ ትርፉ በድርሻ፣ ለምሳሌ በግማሽ ወይም በሲሶ፣ ይከፈላል እንጂ ለአንዱ ወገን ቁርጥ ያለ ትርፍ ዋስትና አይሰጥም። ሁለቱን ማቀላቀል ለጠብም ለፍርድ ስህተትም በር ይከፍታል።

እዚህ ላይ ባትሪው እንደገና ይመጣል። በቀን 150 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን የሚሠራ የሜትር ታክሲ በዓመት 45,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ከላይ በተጠቀሰው ስሌት በወር 22,500 ብር ገደማ የነዳጅ ወጪ ያድናል፤ ይህም ጠቀም ያለ ገንዘብ ነው። ነገር ግን በርካታ አምራቾች ለባትሪ የሚሰጡት ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ የሞላው ነው። እንዲህ የሚሠራ ታክሲ ይህን ርቀት በሦስት ዓመት ተኩል ይጨርሰዋል። ባትሪው በዚያ ቀን ይሞታል ማለት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳት ግን የባለቤቱ ነው። ስለዚህ ከየወሩ ገቢ ላይ ለባትሪ ተብሎ የሚቀመጥ ድርሻ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በውሉ ካልተጻፈ፣ ቤተሰቡ ትርፍ መስሎት የሚመገበው ዋናውን ሀብት ሊሆን ይችላል።

ገንዘቡ ላልሞላለት ሰው ከወለድ ነፃ የሆነ አማራጭ አለ። በኩዌት እ.ኤ.አ በ1977 የተመሠረተው የኩዌት ፋይናንስ ሐውስ በዚህ ሥርዓት የቆየ ተቋም ሲሆን፣ በኢትዮጵያም ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ እ.ኤ.አ በ2021 ሥራ ጀምረዋል። በሙራበሓ ውል ባንኩ መኪናውን በቅድሚያ ለራሱ ገዝቶ በእጁ ካደረገ በኋላ፣ የገዛበትንና የሚጨምረውን ትርፍ አሳውቆ ለደንበኛው በተወሰነ ክፍያ ይሸጣል። ፈራሚው መጠየቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው፦ ባንኩ መኪናውን በእርግጥ በእጁ አድርጓልን? ጠቅላላ ዋጋው ቁርጥ ነውን? ክፍያ ቢዘገይ ምን ይከተላል? ሥራው በአሠሪ ኮንትራት ላይ የተንጠለጠለ ስደተኛ ከሁሉም በላይ ሦስተኛውን ጥያቄ ይጠይቅ።

ማን ይግዛ፣ ማን ይቆይ?

ከላይ የተዘረዘረው ሲጠቃለል፣ መኪናው በአዲስ አበባ ወይም በአካባቢዋ የሚሠራ ከሆነ፣ የራሱ ቆጣሪና ማደሪያ ግቢ ካለው፣ መለዋወጫና ባለሙያ በከተማው የሚገኝለት ዓይነት ከሆነና ዋጋው ያለ ከባድ ዕዳ የሚከፈል ከሆነ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚኑ ይልቅ የሚያዋጣ ሀብት ነው። ያገለገለ ሲሆን ከኪሎ ሜትሩ ቁጥር ይልቅ የባትሪው የቀረ አቅም በመሣሪያ ተለክቶ በወረቀት እንዲሰጥ መጠየቅ የግድ ነው። በተደጋጋሚ ለሚሞላና ሙቀት ለሚበዛበት ሥራ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከሌላው ይልቅ ይታገሣል።

በአንጻሩ ለመሙያ ቦታ የሌለው፣ ከከተማ ርቆ የሚነዳ፣ ወይም የሁሉንም ዓመታት ጥሪት በአንድ መኪና ላይ ብቻ የሚያፈስ ሰው ቢቆይ አይጎዳም። የባትሪ ዋጋ ከዓመት ዓመት እየወረደ፣ መሙያ ጣቢያዎችም እየበዙ በመምጣታቸው ዛሬ ያልተገዛ መኪና ነገ ሊረክስ ይችላል። በዚያው ልክ ዛሬ በውድ የተገዛው መኪና የመሸጫ ዋጋው ቶሎ ይወርዳል።

ከአዋቂ ጋር መመካከርና ከውሳኔ በፊት ኢስቲኻራ ማድረግ ለሙስሊሙ የተወደደ ልማድ ነው። ምክክሩ ግን በቁጥር ቢደገፍ ይበረታል። በቁርጡባ ላለችው እህት የመጀመሪያው ሥራ የመኪና ፎቶግራፍ መምረጥ አይደለም፤ አገር ቤት ደውላ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ መኪናው ማታ የት ያድራል? መብራቱ በሳምንት ስንት ሰዓት ይጠፋል? ሊብሬው በማን ስም ይወጣል? ለእነዚህ ቁርጥ ያለ መልስ ከተገኘ የተቀረው የሒሳብ ሥራ ነው። ካልተገኘ ደግሞ ገንዘቡ በባንክ ቢቆይ ይሻላል።